ያልተረጨ ቤት

ትሪው እንደሄደ ተመለሰ። ፉሉ ላይ የፈሰሰው የሰሊጥ ዘይት እንኳ አልተነካካም፤ ዳቦው እንደተደራረበ፣ ሽንኩርቱም እንደተከተፈ ነው። አረጋሽ በሯ ላይ ቆማ ትሪውን ተቀበለችና የእህቷን የዘርፈሽን ዓይን ፈለገች። ዘርፈሽ ግን ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። «እታለም፣ አትቀየሚኝ። ነገ ልቆርብ ነው፤ የስለቴም ቀን ነው» አለችና ግቢውን ተሻግራ ወደ ክፍሏ ገባች። በሩን ወርውራ ብትዘጋው ይሻል ነበር፤ ቀስ አድርጋ ነው የገጠመችው። አረጋሽ «ደግ!» ብላ ወደ ውስጥ ተመለሰች፤ ማንም ግን አልሰማትም።

እህትማማቾቹ ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር፣ ሆሽ በሚባል አንድ የጋራ ግቢ መኖር ከጀመሩ ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል። ግቢው አንድ፣ ቧንቧው አንድ፣ ሽንት ቤቱ አንድ፣ ኪራዩም ለሁለት የሚከፈል ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት መኳረፉን ተኳርፈው ያውቃሉ፤ በልጅ፣ በውሃ ተራ፣ ልብስ ማስጫ ገመድ በማን በኩል ይለፍ በሚለው ሳይቀር ተጨቃጭቀው ያውቃሉ። የአንዷ እህል ግን ከሌላዋ አፍ ተመልሶ አያውቅም። ዛሬ የተመለሰው በአንዲት ልጅ ምክንያት ነው። ልጅቷ ውስጠኛው ክፍል፣ ብረት አልጋው ላይ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች።

መሲ ትባላለች። አል-ማንሺያ፣ ወንዙ ዳር ካሉት ትልልቅ ቤቶች በአንዱ ሠራተኛ ነበረች። ሥራውን ያስገባቻት አረጋሽ ናት፤ አዲስ የሚመጡትን ልጆች ከእመቤቶች ጋር ማገናኘት እንጀራዋ ነው። ትናንት አመሻሽ ላይ አንድ አምጃድ ታክሲ በሩ ላይ ቆመና ልጅቷን በጥቁር ፌስታል ከታጨቀ ልብሷ ጋር አውርዷት ሄደ። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ግድግዳውን ይዛ ነው የቆመችው። አረጋሽ «ምን ሆንሽ?» ስትላት አልሸሸገችም። «እትዬ፣ አስወርጄ ነው» አለች። ሳምሶን የሚባል ወዳጅ እንደነበራት፣ እሱም ከጥምቀት ማግስት ወደ ሊቢያ እንደሄደ፣ ስልኩም እንደተዘጋ አረጋሽ ሰምታለች፤ ያልሰማችው እርግዝናውን ነበር። መሲ ኪኒኑን በሰው አስገዝታ በሠራተኛ ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ውጣዋለች። እመቤቷ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ደሙን ስታይ መጀመሪያ ጮኸች፤ ቀጥላ ፖሊስ ከምጠራ ብላ ታክሲ ጠራች። ለካርቱም ይህም ውለታ ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር አለ፤ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። አራስ ያለችበት ቤት ቄስ መጥቶ ጠበል እስኪረጭበት ድረስ እዚያ ቤት እህል ውሃ የቀመሰ ሰው ቤተ ክርስቲያን አይገባም። ልጅ ሲወለድ ነገሩ ቀላል ነው። ቄሱ ደስ ብሏቸው ይመጣሉ፣ ውሃው ይረጫል፣ ጎረቤቱ ይመርቃል፣ ገንፎው ይበላል፣ ያልቃል። መሲ ግን ደም እንጂ ልጅ የላትም። ለእሷ ማን ይምጣላት? ደግሞ ቀኑ! ነገ የካቲት ኪዳነ ምሕረት ናት። አረጋሽ የሴቶቹ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም መሪ፣ ናት፤ የዓመቱ ጽዋም የሚወጣው እሷ ቤት ነው። ማኅበርተኛው ሁሉ ከቅዳሴ በቀጥታ ወደዚህ ግቢ ሊመጣ ነው። ዱቄቱ ተቦክቷል፣ ሥጋው ታዟል፣ ወንበር ከሠርግ ቤት ተከራይታ ግድግዳው ሥር ደርድራለች። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጠዋት ቄስ የማምጣት ሐሳብ ሲመጣላት፣ ግማሹ ስለ መሲ አልነበረም፤ ስለ ወንበሮቹ ነበር።

ሙኒያ መጣች። ሙኒያ ሱዳናዊት ጎረቤት ናት፤ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ አዋላጅ ነርስ ሆና ሠርታለች። ትናንት ስትጠራ ቶቧን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መጥታ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ሳትጠራ መጣች። የመሲን እጅ ያዘች፣ ግንባሯን ዳሰሰች፣ ከአንሶላው ሥር አየች፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ደሙ ቀንሷል» አለች። ከዚያ አልጋው ሥር የተቀመጠውን ሙሉ የሻይ ብርጭቆና ያልተቆረሰ ዳቦ አየችና ፊቷ ተለወጠ። አረጋሽን ወደ በረንዳው ሳብ አድርጋ በዐረብኛዋ ገሠጸቻት። «ያ አረጋሽ፣ ስሚኝ። መድኃኒቱን በባዶ ሆዷ ብሰጣት ትተፋዋለች። ብዙ ደም ፈሷታል። እስከ ማታ ካልበላችና ካልጠጣች ሆስፒታል ትገባለች፤ ሆስፒታል ከገባች ደግሞ ‹ምን ሆና ነው?› ይባላል፣ ፖሊስ ይመጣል። ወይ ትታሰራለች ወይ ትሞትብሻለች። ኸላስ፣ ነገርኩሽ።»

አረጋሽ ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «መሲዬ፣ አንድ ጉርሻ ብቻ» አለቻት። ልጅቷ ዘወር አላለችም። ድምጿ ከግድግዳው ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር። «እትዬ፣ እኔ ያለሁበት ቤት እህል ለሰው አይሆንም። ትሪው ሲመለስ ሰምቻለሁ። እኔን ያስጠጉ ቀን ቤትዎን አረከስኩብዎ። በምን አፌ ልብላ?» አረጋሽ «ቄስ ባመጣልሽስ? ጠበል ቢረጩስ?» አለቻት። መሲ ዝም አለች። አረጋሽ ዝምታውን እሺታ አድርጋ ወሰደችው፤ ሌላ ምን አማራጭ ነበራት? ነጠላዋን አንስታ ስትወጣ ስልኳ ጮኸ። የአል-ማንሺያዋ እመቤት ናት፤ ስለ መሲ አንድም ቃል አልጠየቀች። ቤቱ ያለ ሰው መዋሉን፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ምሳ የሚያቀርብላቸው መጥፋቱን ተናግራ፣ ሌላ ሠራተኛ እንድትፈልግላት አዘዘች። «ዕድሜዋ ገፋ ያለ ትሁን፤ ቆንጆም አትሁን» አለች። አረጋሽ «ኢንሻአላህ» ብላ ዘጋችው።

የቡሪ መንገድ በድንጋይና በጡብ ተዘግቶ ነበር፤ ወጣቶቹ ሰልፍ አለባቸው። አንድ የሪክሻ ሾፌር በውስጥ ለውስጥ እወስድሻለሁ ብሎ ከሁልጊዜው እጥፍ ጠየቃት። «ወንድሜ፣ በሪክሻ ነው ወይስ በአውሮፕላን የምትወስደኝ?» አለችው። እሱም ሳቀና ትንሽ ቀነሰላት፤ ሌላ ቀን ቢሆን እስከ መጨረሻው ትከራከረው ነበር። አቧራው አፍንጫ ይቆርጣል፤ ከሩቅ የአስለቃሽ ጭስ ሽታ ይመጣል። አረጋሽ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ለቄሱ የምትለውን በልቧ ታዘጋጅ ነበር። «ለበዓሉ ብለው» ልትል አሰበች። ጥሩ ምክንያት ነው፤ የበዓል ነገር ማንም እምቢ አይልም።

የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በሰው ተጨናንቋል። ድንኳን ይወጠራል፣ ምንጣፍ ይራገፋል፣ ሴቶቹ ከግንቡ ጥግ ሽንኩርት እየላጡ ያወጋሉ። ለበዓሉ ከገዳሪፍ የመጡ እንግዳ ቄስ አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ ብለው እግራቸውን ያሻሉ። ኒም ዛፉ ሥር አቶ ለገሠ ጠረጴዛ አውጥተው ተቀምጠዋል። አቶ ለገሠ በደርግ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ አቋርጠው በእግራቸው ድንበር የተሻገሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ባሕሪ በሚባለው ሰፈር የአንድ ጃፋር የሚባል ነጋዴ የመኪና ዕቃ መጋዘን ይቆጣጠራሉ። በሰበካ ጉባኤው ነገር የሚያልቀው በእሳቸው ቃል ነው። ለልጆቹ መታወቂያ የሚሯሯጡት፣ የታሰረ የሚያስፈቱት፣ ሰው ሲሞት የመቃብር ፈቃድ የሚለምኑት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ አረጋሽ መጀመሪያ ወደ እሳቸው ሄደች። ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረቻቸው። አቶ ለገሠ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ሲከብዳቸው እንዲህ ነው የሚያደርጉት።

«አረጋሽ፣ ልጅቷን ማስጠጋትሽ የክርስቲያን ሥራ ነው። እግዚአብሔር ይስጥሽ» አሉ። «ጠበሉን ግን ተዪው። ዛሬ ቄስ ሄዶ ከረጨ፣ ነገ ‹ቤተ ክርስቲያን ታጥብልሻለች› ይባላል። አንቺ የምታዪው አንዷን ነው፤ እኔ ከኋላዋ ያሉትን ነው የማየው። በዚህ ነገር የሞቱትን በእጄ ቀብሬአለሁ። ለእናቶቻቸው ደውዬ ‹በወባ ነው› ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ቢፈሩ ይሻላቸዋል።»

«ፈርታ እኮ ነው የዋጠችው፣ ጋሼ» አለች አረጋሽ።

አረጋሽ እዚህ ላይ ብታቆም ደግ ነበር፤ ለበዓሉ ብላ ያዘጋጀችው ንግግርም ነበራት። ግን አንዴ አፏ ተከፈተ። «ሳምሶን ባለፈው ጥምቀት እዚህ ግቢ ከበሮ ሲመታ ነበር። ያኔ እሷ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከበሮውን ማን ነጠቀው? ለመንገዱ ጸሎት ተደርጎለት፣ ተመርቆ ነው የሄደው። እሱን ውጣ ያለው የለም። እሷ ላይ ሲሆን ነው ሕጉ ትዝ የሚለን?» ድምጿ ከፍ ብሎ ኖሮ ሽንኩርት ላጮቹ ዝም አሉ። አቶ ለገሠ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ጥቂት የታጠፉ የሱዳን ጊኔዎች አወጡና «ለመድኃኒት ይሁናት» ብለው እጇ ላይ አደረጉላት። አልቆጠሩትም፤ እሷም አልቆጠረችውም። መመለስ አማራት፤ ግን መድኃኒት መድኃኒት ነው፣ ተቀበለች።

ቀሲስ ተድላ ከዕቃ ቤቱ ሲወጡ ነገሩን ጆሯቸው ሰምቷል። አጭር፣ ቀጠን ያሉ፣ ቶሎ የማይናገሩ ሰው ናቸው። የመሲ የንስሐ አባት ናቸው፤ ነገም ዋናው ቀዳሽ እሳቸው ናቸው። አረጋሽ መስቀል ተሳለመችና ያለ መግቢያ ነገረቻቸው።

«ንስሐ ልትገባ ትፈልጋለች?» አሉ።

«አባ፣ እህል አልቀምስም ብላለች። ከዚህ በላይ ምን ትሁን?»

«እሱ ንስሐ አይደለም።»

«እንግዲህ እኔ አላውቅም። ወደዚህ ላምጣት ብል መቆም አትችልም። ብትችልም ደም ላይ ናት፣ ቅጥሩን አታልፍም። እሷ መግባት አትችልም፣ እርስዎ ጋሼ ለገሠ ሳይፈቅዱ መውጣት አይችሉም። ታዲያ የት ልትገናኙ ነው?»

ቀሲስ ተድላ አቶ ለገሠን አዩ፤ አቶ ለገሠ መነጽራቸውን። ከዚያ ቄሱ መስቀላቸውን ኪሳቸው ከተቱ። አረጋሽ አንድ ነገር ይላሉ ብላ ጠበቀች። «ሂጂ፣ ሾርባ ሥሪላት» አሉና ወደ ድንኳኑ ሄዱ። ይኸው ነው። አረጋሽ ስትወጣ ትዕዛዝ የምትባል ማኅበርተኛ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ተከተለቻት፤ ፈገግ ብላ፣ ክንዷን ይዛ፣ በጣም በጨዋ ደንብ። «እትዬ አረጋሽ፣ ከሴቶቹ ጋር ተነጋግረን ነበር። ለዘንድሮ ጽዋው እኔ ቤት ቢሆንስ? እርስዎም እንዲያርፉ ብለን ነው።» አረጋሽ «ይሁን» አለቻት። ሌላ ምን ትበል?

ስትመለስ ሪክሻው ውስጥ ብቻዋን ተናደደች። «ሾርባ! ሾርባ ሥሪ ለማለት ጥምጣም መጠምጠም ያስፈልጋል?» አለች ጮክ ብላ፤ ሾፌሩ የተጠራ መስሎት ዞረ። ቤተ ክርስቲያኑ መሠረቱ ሲጣል ድንጋይ ያቀበለች ናት፤ ስንት ድግስ የደገሰች፣ ስንት ልጅ ክርስትና ያነሳች ሴት ናት። እንደ ለማኝ በቁሟ ሸኟት። መንገዱ ግማሽ ላይ ስትደርስ ግን አንድ ነገር አስተዋለች። ጽዋውን ስለመነጠቋ አላዘነችም። ወንበሮቹም ትዝ አላሏትም። የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሩን ስትከፍት ልጅቷ ትተነፍስ ይሆን?

ትተነፍሳለች። ግን እንደነበረችው ናት። መብራት ጠፍቷል፤ ማራገቢያው ቆሟል፤ ክፍሉ ውስጥ የመድኃኒትና የታጠበ ጨርቅ ሽታ አለ። የመሲ ከንፈር ተሰነጣጥቋል። አረጋሽ ወደ ማድቤት ሄዳ ምስር ጣደች፤ ካሮት ከተፈች፣ ነጭ ሽንኩርት ጨመረች፣ ጨው ነሰነሰችበት። ዘርፈሽ ቧንቧው ጋር ተቀምጣ የነገውን ነጭ ቀሚሷን ታጥባለች። ልጇ ናሆም ባሕሩን ተሻግሮ በሰላም ጣሊያን ከገባ ብላ ለኪዳነ ምሕረት ጥላ ተስላ ነበር፤ ገባላት። ጥላውም በላስቲክ ተጠቅልሎ ክፍሏ ውስጥ ቆሟል። ሁለቱ እህትማማቾች ሦስት ክንድ ተራርቀው፣ አንዷ እያማሰለች፣ አንዷ እያጠበች፣ አንድም ቃል ሳይለዋወጡ ቆዩ። የወትሮው ኩርፊያ ቢሆን አንዷ «ሳሙና አቀብዪኝ» ብላ ታበርደው ነበር። በመጨረሻ ዘርፈሽ፣ ቀና ሳትል፣ «በላች?» አለች። «አልበላችም» አለች አረጋሽ።

ሾርባውን ይዛ ስትገባ አረጋሽ ሁሉንም ዓይነት ሞከረች። ለመነች፣ ተቆጣች፣ «በእናትሽ ሞት» አለች፣ «ልትሞቺብኝ ነው? እኔን ወኅኒ ልትጨምሪኝ ነው?» ብላ አስፈራራች። በመጨረሻ አረጋሽ የራሷን ብልሃት አመጣች፤ ከትናንት ጀምሮ እሷም በዚያ ቤት እህል አልቀመሰችም ነበር። ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዳቦውን ቆርሳ ነክራ፣ ልጅቷ ዓይን ሥር ጎረሰች። «ይኸው! በላሁ። እኔም ነገ አልገባም። ማን ሆነሽ ነው ታዲያ ብቻሽን የምትርቂው?» ጥሩ መስሏት ነበር። መሲ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አየቻት፤ ፊቷ ላይ የነበረው ድንጋጤ ነው። «ወይኔ እትዬ! በዓመት አንዴ የምትመጣውን በዓል አስቀረሁብዎ። አሁን ደግሞ የእርስዎም ተጨመረብኝ» አለችና አንሶላውን ፊቷ ላይ ሳበች። አረጋሽ ሳህኑን ወደ ማድቤት መለሰችው። ሾርባው አፏ ውስጥ መራራ ሆነባት።

ሙኒያ ከአስር ሰላት በኋላ መጥታ በሩ ላይ ሆና ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ልጇን መኪና እንዲያዘጋጅ ልትነግረው ሄደች። አረጋሽ የመሲን ፌስታል አውጥታ፣ ንጹሕ ቀሚስና ፎጣ መርጣ፣ ለሆስፒታል ማሰናዳት ጀመረች። ፖሊሱ ሲጠይቅ ምን እንደምትል በዐረብኛ ለመደርደር ሞከረች፤ ይህን ቋንቋ ግማሽ ዕድሜዋን ስትናገረው ኖራ አሁን ቃላቱ ጠፉባት።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ የውጭው በር ተንኳኳ። የሙኒያ ልጅ መስሏት ስትከፍት ቀሲስ ተድላ ቆመዋል። ብቻቸውን ናቸው፤ በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በሌላው በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዘዋል። ከኋላቸው የአቶ ለገሠ አሮጌ ኮሮላ ሞተሩ ጠፍቶ ቆሟል፤ አቶ ለገሠ መሪውን ይዘው ወደፊት ያያሉ። «አይገቡም?» አለች አረጋሽ። «አልገባም ብለዋል። ግን በተዘጋው መንገድ ሁሉ ዞረው ያመጡኝ እሳቸው ናቸው» አሉ ቀሲስ ተድላ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። አረጋሽ ያለችውን ብቸኛ ሻማ አብርታ አልጋው አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ተከለችው።

መሲ መስቀሉን ስታይ ለመነሳት ታገለች፤ አልቻለችም። ቄሱ ጎንበስ ብለው አሳለሟት። ጠርሙሱን መክፈት ሲጀምሩ ግን ልጅቷ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። «አባ፣ አይርጩብኝ! በእመቤታችን ይዤዎታለሁ፣ አይርጩብኝ። ኃጢአቴን ሳልናገር ውሃው ቢነካኝ ይፈርድብኛል።»

«ተናገሪዋ፣ ልጄ። እየሰማሁ ነው።»

መሲ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ደግማ ሞከረች። «አፌ እምቢ አለኝ» አለች።

አረጋሽ የቄሱን ፊት በሻማው ብርሃን አየች። ይቆጣሉ ብላ ፈርታ ነበር። እሳቸው ግን ጠርሙሱን መልሰው ከደኑና መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። «እሺ፣ ይቆይ። ውሃው አይሸሽም» አሉ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ስሚኝ፣ መሲ። ያደረግሽው ቀላል ነው አልልሽም። ብልሽም አታምኚኝም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። እህል አትቅመሺ ብሎ ያዘዘሽ ማን ነው? ቀኖና የምሰጥ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ቀኖና አልሰጠሁሽም። ራስሽ ከሰስሽ፣ ራስሽ ፈረድሽ፣ ራስሽ ልትገድዪ ነው። ለእግዚአብሔር ምን አስቀረሽለት?» ቄሱ ወደ አረጋሽ ዞሩ። «ሾርባው ተሠራ?»

«ተሠርቷል፣ አባ። አልበላ አለች እንጂ።»

«ለእኔ አምጪልኝ።»

አረጋሽ የሰማችው ነገር አልገባትም። ቀዳሽ ከዋዜማው ጀምሮ እህል እንደማይቀምስ ታውቃለች። «አባ! ነገ ቅዳሴ አለብዎ! ቤቱም እኮ አልተረጨም!»

«አውቃለሁ፤ ጠበሉን መልሼ የከደንኩት እኔ ነኝ። ከገዳሪፍ የመጡት አባት አሉ፣ እሳቸው ይቀድሳሉ። አምጪልኝ።»

ሳህኑን አመጣች። ቀሲስ ተድላ እጃቸውን ታጠቡ፣ ዳቦውን ባረኩ፣ ቆረሱ፣ ሾርባው ውስጥ ነክረው ጎረሱ። ቶሎ አልዋጡትም፤ እንደተራበ ሰው በደንብ አኘኩት። ደገሙ። ጨው ሳያንሰው አይቀርም ብለው ሳቅ አሉ። ከዚያ ሌላ ቆርሰው ነክረው ወደ መሲ ዘረጉ። «አሁን ከእኔ ጋር ነሽ። ነገ ሁለታችንም ከቅጥሩ ውጪ ነን። እንግዲህ ከንስሐ አባትሽ እጅ ያለውን መልሺና ልይሽ» አሉ። ዳቦው ከሾርባው ክብደት የተነሳ ይንጠባጠብ ነበር፤ እጃቸው አልታጠፈም። መሲ አየቻቸው። ከንፈሯ ተላቀቀ። ጎረሰች። መዋጡ አስቸገራት፤ አረጋሽ ቀና አድርጋ ደግፋ ውሃ አጠጣቻት። ወረደላት።

ዘርፈሽ የቄስ ድምፅ ሰምታ መጥታ ደፍ ላይ ቆማለች። እግሯ ወደ ውስጥ አልገባም፤ ወደ ኋላም አልተመለሰም። ስልኳን አብርታ ለክፍሉ ብርሃን ይዛለች። የምታየውን ማመን አቅቷታል። «አባ» አለች በመጨረሻ፣ ድምጿ ተሰባብሮ፤ «ነገ በር ላይ ቆመው ሕዝቡ ሲያይዎ፣ ‹ለምን አልቀደሱም?› ሲልዎ፣ ምን ሊሉ ነው?»

ቀሲስ ተድላ የሚቀጥለውን ጉርሻ እየነከሩ ነበር። «አራስ ጥየቃ ሄጄ ነበር እላለሁ» አሉ።

መሲ ቀጥ አለች። ከመጣች ጀምሮ ማንም፣ አረጋሽም ብትሆን፣ ይህን ስም አልሰጣትም ነበር። ሁሉም ያደረገችውን እንጂ ያጣችውን አልጠራም። መሲ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ግቢው እስኪሰማ፣ አቶ ለገሠም መኪናው ውስጥ ሆነው እስኪሰሙ። ማንም ዝም በይ አላላትም። ሲወጣላት ፊቷን በአንሶላው ጠረገች፣ እጇን ዘርግታ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች፣ ዳቦውንም ራሷ ቆረሰች።